ስለ ሁለቱ ዘጠና ዘጠኞች የቀረበ ሐተታ

የእግር ኳስን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አንድ ቡድን ዋንጫን በምን ብልሃት እንደሚያገኝ በብዙ ድካም መርምረው ብዙ መጻሕፍት ሲያወጡ፣ ዋንጫው ከተገኘ በኋላ ቲፎዞው ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው ተቀምጦ ያንኑ ዋንጫ በቃሉ እንዴት ደጋግሞ እንደሚያነሣው ግን ሊመረመር የሚገባው ነገር መስሎ ብዙም አልታያቸውም። ይህ ቸልታ የሚያስቈጭ ነው። በሣር ላይ የሚደረገው ውድድር ዘጠኝ ወር ያህል ቈይቶ ይፈጸማል፤ በአፍ የሚደረገው ግን ተጫዋቾቹ ጫማቸውን ከሰቀሉ፣ አሰልጣኙም ካረጀ በኋላ የሚቀጥል ሲሆን፣ ዳኛ የሌለው በመሆኑ ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ እንኳ አይገታውም።

ለእንዲህ ያለው ጥናት የታላላቆቹ ክለቦች ደጋፊዎች አይረቡም። መቶ ላም ያለው ሰው የላሞቹን ቍጥር ያውቃል፤ አንዲት ላም ያለው ግን የላሚቱን ጠባይ፣ የእናቷን ስም፣ የቀንዷን አጣመምና በየትኛው ክረምት እግሯን እንደ ታመመች ያውቃል። ስለዚህ የማንቸስተርና የሊቨርፑል ሰዎች ዋንጫቸውን ሲቈጥሩ እንዲውሉ ትተናቸው፣ ዋንጫቸው ጥቂት፣ ትዝታቸው ግን ብዙ ወደ ሆነው ወደ ኖርዝሃምፕተን ታውን ቲፎዞዎች እንሄዳለን። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ኖርዝሃምፕተን በመካከለኛው እንግሊዝ የምትገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ በጫማ ሥራ ስሟ የተጠራ ከተማ ስትሆን፣ ክለቧም ስለዚሁ ‹ጫማ ሰፊዎቹ› ይባላል። እስከ 1994 ድረስ የተጫወተበት ካውንቲ ግራውንድ የክሪኬት ሜዳም ስለ ነበረ፣ ተመልካች የሚቆመው በሦስቱ ወገን ብቻ ነበር፤ አራተኛው ወገን ክፍት ሆኖ የክሪኬቱ ሣር እስከ ሩቅ ተዘርግቶ ይታያል። ክለቡ በዴቭ ቦወን አሰልጣኝነት በ1961 ከአራተኛው ዲቪዚዮን ተነሥቶ፣ በ1963 የሦስተኛው ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ1965 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ከወጣ በኋላ እዚያ አንድ ዓመት ብቻ ተቀምጦ ወረደ፤ ውርደቱም በዚያ ሳይቆም በ1969 ከተነሣበት አራተኛ ዲቪዚዮን ተመልሶ ገባ። ይህ አልበቃ ብሎ በ1970 ፌብሩዋሪ ወር የማንቸስተር ዩናይትዱ ጆርጅ ቤስት በዚያው በካውንቲ ግራውንድ ብቻውን 6 ጎል አስቈጠረበት፤ ውጤቱም 8 ለ 2 ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያወሩ የሚሰማቸው ሰው ተሸናፊዎቹ እነርሱ መሆናቸውን ለማወቅ ጥቂት ይቸግረዋል፤ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ መውደቅ በእነርሱ ዘንድ እንደ ክብር ይቈጠራልና።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ንባቡ የታወቀ ነው። በ1986–87 የውድድር ዘመን ኖርዝሃምፕተን በአራተኛው ዲቪዚዮን 46 ጊዜ ተጫውቶ 30 አሸነፈ፣ 9 አቻ ወጣ፣ 7 ተሸነፈ፤ 103 ጎል አገባ፣ 53 ተቈጠረበት፤ 99 ነጥብ ሰብስቦም ሁለተኛ የወጣውን ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድን በ9 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። በዚህ ንባብ ላይ ክርክር የለም። ጭንቁ ያለው በትርጓሜው ላይ ነው፤ ‹ስለ ምን አሸነፈ?› የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ጉባኤው እንደ አንድምታ መምህራን ሥርዓት እየተቀባበለ ያፍታታዋልና።

ስለ ምን አሸነፈ ቢሉ፣ አሰልጣኙ ግርሃም ካር ቀድሞ ከሊግ ውጪ ነኒተን ቦሮን ሲያሠለጥን ያውቃቸው የነበሩትን ትሬቨር ሞርሊን፣ ሪቻርድ ሂልንና ኤዲ ማክጎልድሪክን ሌላው ሳይነቃ ስላመጣቸው ነው። አንድም፣ ሂል በመሐል ሜዳ እየተጫወተ 29 የሊግ ጎል ማግባቱ ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጪ ስለ ነበረ፣ ተከላካዮች አጥቂዎቹን ሲጠብቁ እርሱ በሌላ በር ስለሚገባ ነው። አንድም፣ ካር ራሱ በስድሳዎቹ የዚሁ ክለብ ተጫዋች ሆኖ የመውጣቱንም የመውረዱንም ጣዕም ስለ ቀመሰ ነው። አንድም፣ በ1985 በብራድፎርድ ከደረሰው የእሳት አደጋ በኋላ የካውንቲ ግራውንድ አሮጌ ትሪቡን አያገለግልም ተብሎ በምትኩ ትንሽ ጊዜያዊ የብረት መቀመጫ ስለ ተተከለና ቲፎዞው ይህን በልጆች መጫወቻ ስም ‹መካኖ› እያለ ስለሚጠራው፣ እንግዳው ቡድን እርሱን አይቶ ስቆ ሳይጨርስ ጎል ስለሚገባበት ነው። ጉባኤው እነዚህን ሁሉ ከነምስክራቸው ከዘረዘረ በኋላ፣ ማንም ጮክ ብሎ የማያስተምረው፣ ሁሉም ግን በልቡ የሚያጸናው አንድ የመጨረሻ ትርጓሜ ይቀራል፤ ይኸውም ቡድኑ ያሸነፈው ተናጋሪው ያን ዓመት ሙሉ አንዱን ካፖርት ሳያሳጥብ ለብሶ፣ ሆቴል ኤንድ በሚባለው ወገን ከአንዲት ቦታ ሳይነቃነቅ ስለ ቆመ ነው የሚለው ነው።

ስለ ሆቴል ኤንድ ካነሣን አይቀር፣ በዚያ ወገን ቆሜ ነበር የሚሉት ሰዎች ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ መሄዱን ማስታወስ ይገባል። የአንድ ትውልድ ቍጥር በሞትና በስደት እየቀነሰ መሄዱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሕዝብ ብቻ በተቃራኒው እየበዛ ይሄዳል፤ ይህንንም የሕዝብ ቈጠራ ባለሙያዎች ቢመረምሩት መልካም ነው። ጎሎቹም እንዲሁ ናቸው። በዘመኑ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ጫፍ የተመታችው ኳስ ባለፈው የሠርግ ግብዣ ላይ ከመሐል ሜዳ የተመታች ሆና ተሰምታለች፤ ነገሩ በዚሁ መንገድ ከሄደ ኳሷ ከክሪኬቱ ሜዳ ማዶ የምትመታበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ አራተኛው ወገን ክፍት ሆኖ መቆየቱም ለዚህ ሳይጠቅም አልቀረም። አየሩም ሁልጊዜ ዝናብ ነው። በፀሐይ የተገኘ ድል በዚህ አፈ ታሪክ ውስጥ ስፍራ የለውም።

በየጉባኤው ደግሞ ከሠላሳው ድል አንዱንም ሳያነሣ ሰባቱን ሽንፈት ብቻ በቅደም ተከተል የሚያስታውስ አንድ ሰው አይታጣም። ሌሎቹ ይበሳጩበታል፣ ‹አንተ ደግሞ!› ይሉታል፤ ነገር ግን የቀረ ቀን ወሬው ቶሎ ይበርዳል፤ ያለ ተቃዋሚ የሚነገር ገድል እንቅልፍ ያመጣልና። ከእርሱ ቀጥሎ የሚደነቀው፣ ያን ጊዜ ገና ያልተወለደው፣ ሆኖም ከአባቱ በቃል ስለ ተማረው ‹ሂል ያን ቀን ሲመታት› ብሎ በእጁ እያሳየ የሚተርከው ወጣት ነው። አባትየው ስሕተቱን ያርመዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አባትየው ራሱ የልጁን አተራረክ ተከትሎ ይናገራል።

ከዚህ ትዝታ የማይነጠል አንድ ቂም አለ። በዚያው ዓመት ከአራተኛው ዲቪዚዮን መጨረሻ የሚወጣ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ከሊጉ እንዲወርድ ሕግ ወጥቶ ስለ ነበረ፣ የሰው ዓይን ከሠንጠረዡ አናት ወደ እግሩ ዞረ። ሜይ 9 ቀን 1987 በመጨረሻው ጨዋታ ቶርኪ ዩናይትድ ከክሩ ጋር ሲጫወት፣ ብሪን የሚባል የፖሊስ ውሻ ወደ ሜዳ ዘሎ የቶርኪውን ጂም ማክኒኮልን ነከሰው፤ ለሕክምና የባከነው ደቂቃ ሲጨመር ፖል ዶብሰን በጭማሪው ሰዓት ጎል አስቈጥሮ 2 ለ 2 አደረገ፤ ቶርኪ ዳነ፣ ሊንከን ሲቲም ወረደ። በ1888 ሊጉን ከመሠረቱት አንዱ የሆነውና በ1960 የእንግሊዝ ሻምፒዮን የነበረው በርንሊም በዚያው ዕለት ኦሪየንትን 2 ለ 1 አሸንፎ ለጥቂት ተረፈ። እንግዲህ የኖርዝሃምፕተን ሰው በሌላ ከተማ ተቀምጦ የዚያን ዓመት አራተኛ ዲቪዚዮን ባነሣ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ‹ውሻው የነከሰበት ዓመት?› የሚል ነው። 103 ጎል በአንድ ንክሻ ተሸፍኖ ቀረ። የታሪክ ፍርድ ብዙ ጊዜ እንዲህ መሆኑን ብናውቅም፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከመጠን ያለፈ ይመስለናል።

ከድሉ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። ሂል ወደ ዋትፎርድ፣ ሞርሊ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ተሸጡ፤ ክለቡ በ1990 ወደ አራተኛው ተመልሶ ወረደ። ካርም ከብዙ ዓመት በኋላ ለኒውካስል ተጫዋች መልማይ ሆኖ ስሙ ዳግመኛ ተነሣ፤ ለዛሬው የእንግሊዝ ወጣት ግን የቀልደኛው የአለን ካር አባት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ብርጭቋቸውን ያስቀምጣሉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥናታችንም ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን በ2015–16 ክለቡ በክሪስ ዋይልደር አሰልጣኝነት በሊግ ቱ፣ ማለትም ስሙ በተለወጠው በአራተኛው ዲቪዚዮን፣ 29 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ 5 ተሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሒሳብ አዋቂዎች ነጥቡን ቢደምሩት እንደ ገና 99 ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ማኅበረ ቲፎዞው የጎንደር ዘመን ሊቃውንት በቅባትና በጸጋ የተለያዩትን ያህል በሁለት ወንበር ተከፈለ። የሰማንያ ሰባት ወንበር፣ እኛ 103 ስናገባ እናንተ 82 ብቻ አገባችሁ ይላል። የአሥራ ስድስት ወንበር፣ ኦክስፎርድን በ13 ነጥብ በልጠናል፣ የተሸነፍነውም 5 ብቻ ነው፤ ይህንንም ያደረግነው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ክለቡን ሊያዘጋ ፍርድ ቤት በቆመበት፣ ከከተማው ምክር ቤት የተወሰደው የ10.25 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር መነጋገሪያ በሆነበት፣ ካውንቲ ግራውንድን የተካው የሲክስፊልድስ ሜዳ የምሥራቅ ትሪቡንም ሳያልቅ በቀረበት ዓመት ነው ብሎ ይመልሳል። የሰማንያ ሰባት ወንበርም ወዲያው፣ ትሪቡን ማጣትን ማን አስተማራችሁ ብሎ መካኖን ይጠቅሳል።

ከዚህ ክርክር አንድ ሕግ የሚወጣ መስሎ ነበር፤ ይኸውም ትሪቡን በጐደለ ዓመት 99 ነጥብ ይገኛል የሚል ነው። ነገር ግን የምሥራቁ ትሪቡን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳያልቅ ቆሞ እያለ ክለቡ በ2018 ስለ ወረደ፣ ሕጉን ለመተው ተገደናል።

የቀረው የመቶኛው ነጥብ ጥያቄ ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩት መላእክት መቶ ነገድ ሆነው ተፈጥረው አንዱ ነገድ ከሳጥናኤል ጋር በወደቀ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙ ቀሩ፤ በወንጌሉም እረኛው ዘጠና ዘጠኙን በጎች ትቶ አንዱን የጠፋውን ፍለጋ ሄደ። የሁለቱ ወንበር ሰዎች ትምህርቱ ባይደርሳቸውም ምስጢሩን በራሳቸው መከራ ደርሰውበታል፤ የ1987ቱ ከ9ኙ አቻ፣ የ2016ቱ ከ12ቱ አቻ መካከል አንዲቱን ነጥብ ያሳጣው የትኛው እንደ ሆነ ሲፈልጉ ያመሻሉና። ዋይልደር ግን ሻምፒዮን ባደረገው ዓመት በግንቦት ትቷቸው ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ ሄደ፤ በተከታዩም የውድድር ዘመን ሊግ ዋንን በ100 ነጥብ አሸነፈ። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው እረኛ የጠፋውን በግ አገኘ፤ ያገኘው ግን በሰው በረት ነው። በዚህ ነገር ላይ ብቻ ሁለቱ ወንበሮች አንድ ሆነው ዝም ይላሉ።

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን በባቡር ላይ ከኖርዝሃምፕተን ሰው ጋር ጐን ለጐን መቀመጥ ቢደርሳችሁ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ እንደ ሆነ 103ቱን ጎል፣ ወጣት እንደ ሆነ 13ቱን ነጥብ አንሡለት፤ ሁለቱም ቢሆኑ ግን ስለ ውሻው እንዳትጠይቋቸው አደራ እንላለን።