«የመጨረሻ ስምንት!»፦ ከኤሮቢክስ ክፍል ስለማይቀሩ ሰዎች የቀረበ ጥናት

«መጨረሻ» ማለት ከእሱ በኋላ ሌላ የሌለ ማለት ነው። ፍቺው በሌላው የኑሮ ዘርፍ ሁሉ ያገለግላል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በአዲስ አበባ ኤሮቢክስ ክፍል ውስጥ ግን አይሠራም። እዚያ አሰልጣኙ «የመጨረሻ ስምንት!» ሲል ሌላ ስምንት ይከተላል። ከዚያ «አሁን የእውነት የመጨረሻ!» ይመጣል፤ ከዚያ «አንድ ለኮች!»፤ ከዚያ፣ ኮች ራሱን ብቻ ስለማይወድ፣ «አንድ ደግሞ ለእናንተ!» ይጨመራል። የዚህ ጥናት አቅራቢ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ ቃሉ ስንት ጊዜ እንደተነገረ በጣቱ ሊቆጥር ሞክሮ ነበር። ጣቶቹ በፑሽ አፕ ምክንያት ወለል ላይ ስለነበሩ ቆጠራው ተቋርጧል።

ውሸቱ ራሱ ለሳይንስ አዲስ ነገር የለውም። ምርምር የሚጠይቀው፣ ማክሰኞ የተዋሸው ሕዝብ ሐሙስ ዕለት ያንኑ ቱታ ለብሶ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስምንት ቁጥር። አሰልጣኝ ከራሱ አላመጣውም። የዳንስ ሙዚቃ በስምንት ምት እየታሰረ ይሄዳል፤ አራት ስምንት 32 ይሞላል፤ እንቅስቃሴውም በዚሁ ልክ ይሰፋል። ጎበዝ አሰልጣኝ «ወደ ቀኝ!» የሚለው እግሩ ከመሄዱ አራት ምት አስቀድሞ ነው። ያልተካነው ከእግሩ እኩል ይናገርና ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ፣ መሀል ላይ የቆሙት ሁለቱ ግንባር ለግንባር። በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ የተጋጨ ሰው ወር ሳይሞላው ይጠፋል፤ ሲጠየቅም «ሥራ በዛብኝ» ይላል።

ስለ ሙዚቃው ፍጥነት የለንደኑ ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኮስታስ ካራጆርጊስ ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተው፣ ለአብዛኛው እንቅስቃሴ በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ምት የሚመታ ሙዚቃ ይመክራሉ። የአዲስ አበባው ኮች ይህን ወረቀት ሳያነብ ጉራጊኛ ይከፍታል። በትዝታ ስኳት የሠራ ሰው እስካሁን አልተመዘገበም፤ ወርዶ የመቅረት አደጋም አለው።

የክፍሉ አሰፋፈር ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ከመስታወቱ ፊት ለፊት ያለው መሬት በርስት የተያዘ ነው። ካርታ የለውም፣ ግብር አይከፈልበትም፣ ግን ባለቤቱን የማያውቅ የለም። አዲስ ገቢ ሳያውቅ እዚያ ቢቆም ማንም «ውጣ» አይለውም። ባለርስቷ ትመጣለች፣ የውሃ ኮዳዋን ከእግሩ አጠገብ ታስቀምጣለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ከሁለተኛው ጠረጋ በኋላ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። መካከለኛው ረድፍ ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው እግር የማይነቅል ሕዝብ ነው፤ የፊተኛው ከተሳሳተ ስህተቱ በሥርዓት እስከ ኋላ ይወርዳል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል» ብሎ የላካቸው፣ ለሠርግ ሁለት ወር የቀራቸው፣ እንዲሁም ዋጋው የተለጠፈበትን ወረቀት ከቱታቸው ያላነሱ ይሰፍራሉ። በሩ ለምን እንደተመረጠ ግልጽ ነው።

መስታወቱን በተመለከተ ታሪክ ምስክርነት አለው። «ኤሮቢክስ» የሚለውን ቃል ሕዝብ እንዲያውቀው ያደረጉት የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበሩት ኬኔት ኩፐር ናቸው፤ መጽሐፋቸውን በዚሁ ስም ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የእሳቸው ጉዳይ ልብና ሳንባ ነበር፤ ሰው በ12 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚሮጥ ለክተው አቅሙን ይገምታሉ። ሙዚቃ የለ፣ «አንድ ለኮች» የለ። በዓመቱ በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው ኤቫንስተን ጁዲ ሼፐርድ ሚሴት የምትባል የጃዝ ዳንስ አስተማሪ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ሲያልቁባት አየች። ለምን እንደሚቀሩ ብትጠይቅ፣ የዳንሰኛ ቁመና እንጂ ዳንሰኝነቱን እንደማይፈልጉ ነገሯት። ተማሪዎቿን ከመስታወቱ ጀርባቸውን አስዞረች፤ እርማቱን ቀንሳ ጨዋታውን ጨመረች። ጃዘርሳይዝ የተባለውና ብዙ አገር የደረሰው እንቅስቃሴ ከዚህ ተወለደ። የአዲስ አበባ ጂም በበኩሉ መስታወቱን ከወለል እስከ ጣሪያ ይለጥፋል፤ ከዚያ አዲስ ገቢ ሰው ለምን ሁለተኛ እንዳልመጣ በስብሰባ ይወያያል።

ሌላው የታሪክ ምስክር ኮሎምቢያዊው ቤቶ ፔሬዝ ነው። በካሊ ከተማ ኤሮቢክስ ሲያስተምር አንድ ቀን የክፍሉን ካሴት ቤት ረስቶ መጣ። ቦርሳው ውስጥ የተገኘው የራሱ ሳልሳና ሜሬንጌ ስለነበር ያንኑ ከፍቶ በአእምሮው እየፈጠረ አስጨፈራቸው። ሰዎቹ የተረሳውን ካሴት እንዲያመጣ አልጠየቁም፤ ዛሬ ዙምባ የምንለው ነገር መነሻው ይኸው ነው። በአንጻሩ በአንድ ጂም አጥኚው እንደታዘበው፣ ያው ፍላሽ ሳይቀየር ከመስከረም እስከ ግንቦት ሲከፈት፣ ሕዝቡ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ሸምድዶ ስኳቱ ሊደርስ ሲል ውሃ ለመጠጣት ይወጣ ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የስቴፋኖ ዴላቪኛና የኡልሪከ ማልመንዲየር ጥናት በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የአባላትን መዝገብ መርምሯል። በወር ከ70 ዶላር በላይ ከሚከፍሉት አባላት ለአንድ መምጣት ከ17 ዶላር በላይ ይወጣል፤ የአሥር ቀን ካርድ ቢገዙ ግን ለአንዱ ቀን 10 ዶላር በበቃቸው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ከመጡበት ቀን አንስቶ አባልነታቸውን እስኪሰርዙ ድረስም በአማካይ ከሁለት ወር በላይ ከፍለው ተቀምጠዋል። እዚህ «መጨረሻ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ፍቺውን ይዞ መገኘቱ ልብ ይባል።

በዚህ ስሌት ለጂም ባለቤት ከሁሉ የተሻለው አባል ከፍሎ የማይመጣው ነው፤ ሻወር አያጨናንቅም፣ ዳምቤል አይጥልም፣ ፎጣ አይረሳም። እኛ አገር ግን ክፍያው ከባንክ ሒሳብ በራሱ እየተቆረጠ አይሄድም፤ ሰውየው በእግሩ መጥቶ፣ ከኪሱ አውጥቶ ያድሳል። ያልመጣ አያድስም። ስለዚህ የባለቤቱ እንጀራ አሰልጣኙ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጂም የሚሞላበት ወቅትም ተጠንቷል። ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ወደ ጂም የሚጎርፉት በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ እንደሆነ አሳይተዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን «ከሰኞ ጀምሮ» በሚሉ ሁለት ቃላት ጨርሶት ነበር። እንዲያውም በቀን መቁጠሪያ ረገድ ማንም አይወዳደረን፦ መስከረም 1 አንድ አዲስ ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ የፈረንጆቹ ሌላ አዲስ ዓመት፣ ከፋሲካ ማግስት ደግሞ የዶሮ ወጡ ጸጸት። አንድ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ሦስት ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ በየሰኞው የሚደርሰው ሳይቆጠር።

አዲስ ገቢው በመጀመሪያው ቀን ምን እንደገጠመው ወሳኝ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ሕመሙ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰኞ በወኔ የዘለለ ረቡዕ ደረጃ ይወርድ ዘንድ በጎን ይሄዳል። አንዳንዱ ጂም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍቱ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት መለጠፉ ነገሩን አያቀልለውም። ብልኅ ኮች ይህን ስለሚያውቅ አንዱን እንቅስቃሴ በሦስት ደረጃ ያሳያል። «ጉልበት የሚያማችሁ አትዝለሉ፣ በእግር ጫፍ ብቻ! ጋሼ፣ እርስዎ ቀስ ብለው!» ጋሼ ቀስ ይላሉ፤ ኮች ፊቱን ሲያዞር ይዘልላሉ።

የጥናቱ ዋና መረጃ የተገኘው መብራት በሄደበት ቀን ነው። ሙዚቃው በስድስተኛው ምት ላይ ተቆረጠ፤ ክፍሉ ጨለመ፤ ሁሉም አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ኮች በእጁ ማጨብጨብ ጀመረ። ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተከተለችው፤ ከዚያ ሁሉም። ጋሼ ከኋላ ሆነው በወፍራም ድምፅ «አምስት! ስድስት!» እያሉ መቁጠር ጀመሩ። ከፊት ያለችው ባለርስት እልል ስትል አዲስ ገቢዎቹ ከበሩ ዳር ሁለት እርምጃ ወደ መሀል መግባታቸው በመስኮቱ ጭላንጭል ታየ። መብራቱ ሲመለስ ማንም ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

ለዚህ ማብራሪያው ከኦክስፎርድ ይመጣል። ኤማ ኮኸን፣ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቻቸው የዩኒቨርሲቲውን ቀዛፊዎች አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ አንድ ጊዜ በኅብረት አስቀዝፈው ሕመምን የመቻል አቅማቸውን ለኩ። ድካሙ ያው ሆኖ ሳለ፣ በኅብረት የቀዘፉት ሕመም ይበልጥ ቻሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጀርመናዊው ኦቶ ኮህለር የበርሊን ቀዛፊዎችን ክብደት ሲያስነሳ፣ ደካማው ሰው ከጠንካራ ጋር ሲጣመር ብቻውን ከሚችለው በላይ እንደሚቆይ አይቷል፤ ምክንያቱም እሱ ካቆመ ሁሉም ያቆማል። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመስማት እስከ በርሊን አይሄድም። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ በየማለዳው ያለ ክፍያና ያለ መስታወት የሚሮጠው ሕዝብም፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» እሑዶች አስፋልት ላይ ማስ ስፖርት የሚሠራውም፣ ቤቱ በር ዘግቶ መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለም።

አሁን ወደ ግኝቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ፣ ሚልክማን ከብዙ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት ከ61,000 በላይ የጂም አባላት ላይ 54 ዓይነት ማበረታቻ ሞክሯል። ከሁሉ የበለጠው ተራ ነገር ሆኖ ተገኘ፦ አንድ ቀን ቀርቶ ለተመለሰ ሰው ጥቂት ሳንቲም የምታወጣ ተጨማሪ ነጥብ መስጠት። ይህ ሁሉ ምሁር፣ ይህ ሁሉ ወጪ፣ የደረሰበት ቦታ እኛ በነጻ የምንጠቀምበት አንድ ግሥ ነው፦ «ጠፋህ!»

«ጠፋህ» በግልቡ ሲታይ ሰላምታ ነው። በውስጡ ግን ክስ፣ ናፍቆት፣ ምርመራና መጥሪያ አለ። ተከሳሹ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህም ጥፋትን ማመን ነው። ሥርዓቱ ከእድር የተወረሰ ነው። እድር ስም ይጠራል፣ የቀረን ይቀጣል፣ ሁለቴ የቀረን ቤቱ ድረስ ይጠይቃል። ሰው የማይጠፋባቸው ጂሞች፣ የአጥኚው ትዝብት ትክክል ከሆነ፣ ሳያውቁት እድር የሆኑ ናቸው፤ ስም የሚያውቅ ኮች አለ፣ ቋሚ ቦታ አለ፣ ልጅ የወለደች ትጠየቃለች፣ እናቱ የሞተችበት ሰው ድንኳን ውስጥ የሐሙስ ክፍል ሙሉውን ይገኛል። ክብደት መቀነሱ ዋና ዓላማ ቢሆን ኖሮ፣ ክፍሉ እንዳለቀ ምድር ቤት ባለው ጁስ ቤት ክምር ያለ የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ባልታዘዘ ነበር። ትልቁን ብርጭቆ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፤ አንዳንዱም «ከስፖርት በኋላ አይጎዳም» በማለት ጨጨብሳ ያስከትላል። ያ ጠረጴዛ ላይ የሚጠፋው ሰዓት ከኤሮቢክሱ ይበልጣል። በጤና ሚዛን የተጠፋው ካሎሪ ተመልሶ ገብቷል፤ በእድር ሚዛን ግን ስብሰባው ተሳክቷል።

አጥኚው ራሱን ለሙከራ ለማዋል ሳይወድ ተገድዷል። በሥራ ብዛት (ይህ ምክንያት ከላይ ተጠቅሷል) ዘጠኝ ቀን ቀረ። በአሥረኛው ስልክ ተደወለ።

«ሰላም ነው? ጠፋህ! አሞህ ነው?»

«አለሁ ኮች፤ ከሰኞ ጀምሮ እመጣለሁ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ። ጋሼ ራሱ ስንቴ ጠየቁኝ መሰለህ።»

ሐሙስ ማለዳ አጥኚው አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጣ። ከበሩ ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ አየር ማናፈሻው በሚደርስበት ጥግ፣ የማያውቀው ሰውዬ ቆሟል፤ ቱታው አዲስ ነው፣ ከወገቡ በታች የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። አጥኚው የውሃ ኮዳውን ከሰውዬው እግር አጠገብ አስቀመጠ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።