«ጉስታር»ን አበላሽቶ ለመናገር

ቨርጂኒያ ውስጥ ምግብ ቤት ኪችን ገብቶ ሥራ የጀመረ አበሻ ውሎ አድሮ ስፓኒሽ መሞከሩ አይቀርም። ሳህን የሚያጥበውም፣ ሽንኩርት የሚከትፈውም ብዙ ጊዜ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። አንድ ግስ መርጠው በሚገባ ሊያበላሹ ካሰቡ «ጉስታር»ን እመክራለሁ። ሰው ቡና፣ ኳስ ወይም ዘፈን እንደሚወድ ሲናገር ቀኑን ሙሉ የሚጠራው ግስ ስለሆነ መሳሳቻው ሞልቷል።

በመጀመሪያ አማርኛዎን ይርሱ። ዋናው ጠንቅ እሱ ነው። «የቡና ሽታ ደስ ይለኛል» ስንል የግሱ ባለቤት ሽታው ነው፤ እኛ ዝም ብለን ደስታውን ተቀባዮች ነን። (እርግጥ «እወዳለሁ»ም አለን፤ ለጊዜው ይተዉት።) «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» (ቡና ደስ ይለኛል) የሚሠራውም እንደዚሁ ነው። የሚወደደው ነገር ሲበዛ «ልጆቹ ደስ ይሉኛል» እንደምንለው፣ ስፓኒሹም «ሜ ጉስታን» ይላል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ እያለ ላደገ ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ይምጡ። እዚያ ወዳጁ ሰውዬ ከፊት ይቆማል። ደረትዎን ነፍተው «ዮ ጉስቶ ካፌ» ይበሉ። ሰሚው ቡናው እርስዎን እንደሚወድ ይነግሩት እንደሆነ ለማጣራት ፊትዎን ያያል።

ፑፑሳ ሲቀርብልዎ ደግሞ «ሜ ጉስታ ላስ ፑፑሳስ» ብለው «ን»ዋን ይዋጧት። አይብና ቦሎቄ በሆዷ የያዘችውን ይህችን የበቆሎ ቂጣ የኤል ሳልቫዶር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ብሔራዊ ምግብ ብሎ አውጆላታል። አንድ ፊደል ብትጎድልባት ክብሯ አይነካም።

ትልቁ ሙያ ግን ሰው ላይ ነው። ሁሉም «ዶኛ» እያሉ የሚያከብሯቸው ምግብ ሠሪ ከምሳቸው አካፈሉዎት እንበል። ጥሩ ሰው መሆናቸውን ለመግለጽ «ኡስቴድ ሜ ካኤ ቢየን» የሚባል አባባል አለ፤ ባልደረባን፣ ጎረቤትን፣ አማትን ሳይቀር ያለ መዘዝ ያሞግሳል። አይንኩት። ዓይን ዓይናቸውን እያዩ «ኡስቴድ ሜ ጉስታ» ይበሉ። ለአንዲት ወጣት «ደስ ትይኛለሽ» ሲባል ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቃሉ፤ ስፓኒሹም ወደዚያው ነው፣ ያውም ጠንከር ብሎ። ሳህን አጣቢው ቧንቧውን ይዘጋል። ሽንኩርት ከታፊው ቢላውን ያስቀምጣል። ዶኛ ከሳቁ ተረፉ። ካልሳቁ፣ ልጃቸው እዚያው ግሪሉ ጋ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚያናግርዎ ካላጡ አንድ ነገር ይቀራል። ባልደረባዎ «ሜ ጉስታ ኤል ፉትቦል» ሲል «ዮ ታምቢየን» (እኔም) ብለው ይመልሱ። «ኣ ሚ ታምቢየን» የሚሉት፣ «ራበኝ» ሲሏቸው «እኔንም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። እርስዎ እንግሊዝኛ ተምረዋል።