ድርብ አድርጊልኝ

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ገዛሁ። ባለ ጉልቷ ጥቁሩን ፌስታል እፍ ብላ ከፈተችና ጨመረችልኝ። ቃሪያው በሌላ፣ ሎሚው በሌላ። ሦስቱን ሰብስባ በአራተኛ ከተተቻቸው። እኔም የጨዋ ልጅ ነኝና፣ «እህቴ፣ መንገድ ላይ እንዳያዋርደኝ ድርብ አድርጊልኝ» አልኳት። አምስት ሞላ። ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ መውጣትማ የአያቶቻችን ኋላ ቀርነት ነው።

ሕግ የላችሁም እንዳንባል፣ አለን። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታሎች እንዳይመረቱም እንዳይገቡም ከልክሏል። ሌሎች አዋጆች ሲጸድቁ ረቂቅነታቸው ይቀራል፤ ይኼኛው ከጸደቀም በኋላ ረቂቅ ነበር፣ በዓይን አይታይማ! ባለ ጉልቷ ያላት ሚዛን ነው። ደንብ አስከባሪም ጉልት ሲያስነሳ እንጂ ፌስታል ሲለካ አይቼ አላውቅም።

ይህ ጥበብ የኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ ስሱን ፌስታል ከልክላ፣ ወፍራሙን «ደጋግማችሁ ያዙት» ብላ በ10 ሳንቲም እንዲሸጥ ፈቀደች። ሕዝቡ ወፍራሙንም አንዴ ይዞ ጣለው፤ የፌስታሉ ቆሻሻ በክብደት ከበፊቱ ባሰ። በ2024 ወፍራሙንም የሚያግድ ሕግ ተፈረመ። ሰው እዚያም ሰው ነው።

የኛም ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም መለካቱን ትቶ ፌስታልን ከነዘር ማንዘሩ የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። በግማሽ ኪሎ ቲማቲም ይህን ያህል ዕዳ ደርቦ የሚያሸክም ገበያ የት ይገኛል?

ደግሞስ ጣና ምን ጎደለበት? የድሮ ሰው ታንኳውን ከደንገል ሠርቶ ሰጠው፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ በወራት በሰበሰ። እኛ የማይበሰብስ ሰጠነው። ሃይላንዱንስ ቆራሌው ይለቅምብናል። ጭቃ የነካውን ፌስታል ግን እሱም ዞር ብሎ አያየውም፤ ዝናብ ሲመጣ በቱቦው አድርጎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ለሐይቁ አትቆረቆሩም እንዳትሉን ደግሞ፣ በ2004 ዓ.ም የታየው እምቦጭ ሲብስበት ስንቱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። እኔም ሄጄ ነበር። ዳቦዬን በፌስታል ቋጥሬ ወሰድኩ፣ ዳር ላይ ተቀምጬ በላሁ፣ ተነስቼ ነቀልኩ። ፌስታሉን የት እንዳደረግሁት አላስታውስም።

ዘንቢሉ ቤቴ አለ። ለጌጥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ባህላችንን አሳይበታለሁ።