ስለ “መረጃ” ቃል አጠቃቀም የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

“መረጃ” የተባለው ቃል በየሬዲዮው፣ በየቲክቶኩና በየቡናው ላይ ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ሲሠራ በመገኘቱ፤

ያለው የሚደብቀው፣ የሌለው የሚያድለው ነገር በመሆኑ፤

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ጠያቂ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ቢደነገግም፣ በቴሌግራም ግን ሳይጠይቅ በ30 ሴኮንድ ስለሚደርሰው፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የወሬና የመረጃ ድንበር ማካለያ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፡-
ሀ) “ሰበር መረጃ” ማለት ትናንት የተሰማ ወሬ ሆኖ ሙዚቃ የገባለት ነው፤
ለ) “ታማኝ የውስጥ ምንጭ” ማለት የተናጋሪው የሚስት ወንድም ነው፤
ሐ) “ማስረጃ” ማለት “መረጃም ማስረጃም አለን” ከተባለ በኋላ ተፈልጎ የሚታጣው ነው፤
መ) “ስለ ጉዳዩ መረጃ የለኝም” ማለት፣ ከኃላፊ አንደበት ሲወጣ፣ “አውቃለሁ፤ አልናገርም” ማለት ነው።

3. ስለ መረጃ መስኮት
“መረጃ” ተብሎ የተጻፈበት መስኮት ከኋላው ሰው ሊኖረው ይገባል። ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት ለባለጉዳይ መልስ መስጠት አይችልም። ስንት ፎቶ ኮፒ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ፎቅ እንደሚኬድ፣ ኃላፊው ከስብሰባ መቼ እንደሚወጡ ጠንቅቆ የሚያውቀው የበር ጥበቃ፣ ዱላውን እንደያዘ የመረጃ ዳይሬክተር ሆኖ ተሹሟል።

4. ስለ ዝምድና
መረጃ፣ ማስረጃና መርዶ ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸው ይታወቅ። መርዶ ነጋሪ አጣርቶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል። መረጃ አሰራጭም እንደ ወንድሙ ያጣራ፤ ስሙንም አይደብቅ። በሕይወት ያለ አርቲስት የገደለ ሰው በራሱ ወጪ ድንኳን ተክሎ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። “ሟች” በክብር እንግድነት ይገኛሉ።

5. ተፈጻሚነት ስለሌላቸው ልማዶች
“ሰማህ ወይ?” ብሎ ጀምሮ “ከእኔ እንዳልሰማህ” ብሎ የሚያበቃ ማንኛውም ንግግር፣ ከውጭ አገር የተደወለም ቢሆን፣ ተሽሯል።

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት በፌስቡክ ከሾለከበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ማን እንዳሾለከው ጽሕፈት ቤታችን መረጃ የለውም።