ጠማማ የሚያቃና ማሽን

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ጓሮ ያገኘ ሰው የዶሮ ቤቱን አፍርሶ የእንጨት ሥራ ቤት ይከፍታል። ከሁሉ አስቀድሞም መላጊያ ማሽን ይገዛል። እሰየው! ማሽኑ ስሪ ፌዝ እንደሚፈልግ፣ የቤቱ ቆጣሪ ግን ሲንግል ፌዝ መሆኑን የሚያውቀው ካወረደው በኋላ ነው።

ሻጩ «ልኩ ተስተካክሏል» ብሎታል፤ የተስተካከለው ዋጋው ነው። የተላገው ጣውላ የሚያርፍበት የኋላኛው ገበታ ከቢላዎቹ የላይኛው ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ካለ የጣውላውን መጨረሻ ይቦረቡረዋል፤ ከፍ ካለ ጣውላው በገበታው ጠርዝ ላይ ይደናቀፋል። ባለቤቱ ግን ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ፎቶ እየተነሳ ነው።

ከዚያ ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ያስገባል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ሲደርቅ መጣመሙን አልተወም፤ ለአዲስ ማሽን ብሎ ጠባዩን አይለውጥም። የቀናው ይጣመማል፤ ጌታው እንደገና ይልገዋል። ጣውላው በመጨረሻ ቀጥ የሚለው ስንጥር ሲሆን ነው።

ወዳጄ፣ መጀመሪያ እንጨቱን አድርቅ፤ ገበታውን በቀጥተኛ ማስመሪያ፣ የጎን መደገፊያውን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ፈትሽ። ጣውላውንም በመግፊያ እንጂ በጣትህ አትግፋ፤ የጣት መለዋወጫ ሶማሌ ተራም አይገኝም።