ላንጋኖ ስላለመድረስ፦ አጭር ጥናት

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሞጆን፣ መቂንና ዝዋይን (የዛሬዋን ባቱ) አልፎ የሚገኝ፣ ቦታውን ቀይሮ የማያውቅ ሐይቅ ነው። ታዲያ ወደዚያ ብሎ ከቤቱ የወጣ ቤተሰብ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላው ቢሾፍቱ ላይ ምሳውን በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ደስ ብሎት የሚመለሰው በምን ስልት ነው? ጥያቄው እስካሁን የሚገባውን ምሁራዊ ክብር አላገኘም።

የችግሩ ሥር ካላንደሩ ላይ ነው። ተማሪ ሐምሌና ነሐሴን ያርፋል፤ ዝናብ ደግሞ በእነዚሁ ወራት ሥራ ይገባል። ከአሜሪካ የሚመጣው ዘመድም የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔውኑ ስለሆነ ከደመናው ጋር እኩል ይደርሳል። በዚህ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ይጾማል፤ ዶሮ ወጥ ያልተጫነበት ጉዞ ደግሞ በእናቶች ዘንድ ከሽርሽር አይቆጠርም። ሰማዩ ጥርት የሚለው ጥር ላይ ነበር። ጥር ግን የሰርግ ወር ነው፤ ቅዳሜና እሑዱ በሰው ድግስ ተይዟል። ስለዚህ ለቤተሰቡ የቀረው ምርጫ ከላይም ከታችም ውሃ የሆነበትን ወቅት ጠብቆ መውጣት ነው።

አባት «ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሣለን» ይላል። ይህ ሰዓት በጥናታችን የተመዘገበው በምኞት መደብ ነው። የአሜሪካው እንግዳ 11 ሲባል የገባው በራሱ ስልክ አቆጣጠር ነውና በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት እንዲቀሰቅሰው አላርም ሞልቶ ይተኛል። በቤተሰቡም በኩል ቁልፍ ተፈልጎ፣ ትናንት መቀዳት ለነበረበት ቤንዚን ተሰልፎ፣ አክስት «ውይ፣ እኔንስ ለማን ጥላችሁኝ ነው?» ስላሉ መቀመጫ ተሸጋሽጎ፣ መኪናው የሚነሣው እንግዳው ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ነው። በሰዓቱ የተገኘው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል።

ዋናው ግኝት አገልግሉን ይመለከታል። (ዛሬ አገልግል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ድስት ነው፤ ተመራማሪው ስሙን ለክብሩ ሲል ጠብቆታል።) ስንቅ ከመንገዱ ርቀት ጋር ይጨምራል የሚለው ግምት ስሕተት ነው። ስንቅ የሚጨምረው የአባት እቅድ ተአማኒነት በቀነሰ ቁጥር ነው። «መኪናዋ ትናንት ታይታለች» ሲል አንድ ድፎ ዳቦ ይታከላል። «አይዞሽ፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ ለብለብ እንበላለን» ካለ ዶሮ ወጡ ላይ ቀይ ወጥ ይደረባል። «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» ያለ ዕለት ደግሞ ጀበናና ከሰል ይጫናል። እናት አትከራከርም፤ ትጭናለች።

ቤተሰቡ አለመድረሱን የሚቋቋምበት ሥርዓት የሚጀምረው ቢሾፍቱን ሳያልፉ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ሲነካ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ዳር ቤተሰቡ ቆሞ ይወያያል። አባት ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ያያል፤ ማየቱ ለሞተሩ የሚሰጠው ጥቅም አልተረጋገጠም። አክስት ግን ምክንያቱን ወዲያው ይደርሱበታል፦ ዕቃ ሲጫን የጎረቤት ዓይን አርፎብን ነበር። ቀጥለውም «ተዉት፣ ለበጎ ነው፤ ብንሄድ ምን ይገጥመን እንደነበር ማን ያውቃል?» ይላሉ። ይህን ንድፈ ሐሳብ ማስተባበል የሚቻለው ላንጋኖ በመድረስ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀርቷል። ጸሐፊው የኢንሹራንስ ውሎችን አገላብጦ አይቷል፤ ይህን የሚያህል ሽፋን የሚሰጥ አላገኘም።

ቢሾፍቱ ዙሪያ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎችም ሐይቆች አሉ። ጂኦሎጂስቶች ነገሩን ከእሳተ ገሞራ ጋር ያያይዙታል። አቀማመጣቸው ሲታይ ግን ራዲያተር ለሞቀበት ቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ትንሿ ልጅ «ይሄ ላንጋኖ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። «የላንጋኖ ታናሽ ወንድም ነው» ይላል አባት። ድስቱ ይከፈታል፤ ጥያቄው ይዘጋል።

ፎቶው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ መሆኑን ያየው ሁሉ ያውቃል፤ ሌላ መልክ ያለው ሐይቅ ከጀርባ አስቁሞ «ላንጋኖ ነን» ብሎ ለዘመድ መላክ የሙያ ጉድለት ነው። ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች ውሃውን ቆርጠው፣ አንድ ዛፍና የአክስትን ነጠላ ብቻ አስቀርተው ይልካሉ።

የጥናቱን ውስንነት መጥቀስ ግድ ነው። ተመራማሪው በመረጃ አሰባሰቡ ወቅት ከእናት እጅ ጎርሷል፤ ጉርሻ ደግሞ አንድ ብቻ ተብሎ አይቆምም። ስለ አገልግሉ የተባለው ሁሉ በዚህ ዓይን ይታይ።

አመሻሽ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አባት የመጪውን ክረምት እቅድ ያቀርባል፦ አርባ ምንጭ፣ ከላንጋኖ እጥፍ በላይ የሚርቅ። መንገዱንም እንደሚያውቀው ይናገራል። እናት መልስ አትሰጥም። ወደ አክስት ዞር ብላ ትልቁን የድግስ ድስት ለማን እንዳዋሱት ትጠይቃለች።