ቅዳሜ ቅዳሜ የምትነሳው መኪና

ባለቤቱ አሜሪካ ገብቷል። መኪናዋ ገርጂ ቀርታለች፤ ግቢ ውስጥ፣ በሰማያዊ ሸራ ተጠቅልላ። ቁልፉን የተረከበው ታናሽ ወንድም አንድ አደራ ብቻ ነው ያለበት፦ በሳምንት አንድ ቀን ማስነሳት። አደራ በላ እንዳይባል ቅዳሜ ጠዋት በነጠላ ጫማ ብቅ ይላል፣ ሸራውን በአንድ ጎን ገለጥ ያደርጋል፣ ገብቶ ቁልፉን ይጠመዝዛል። አንዴ ሁለቴ ነዳጅ ሰጥቶ ያስጮኻታል፤ «እንድትሞቅ» ነው። አምስት ደቂቃ ስልኩን ሲነካካ ይቆይና አጥፍቷት ይወርዳል። ማታ ስልክ ይደወላል።

«አስነሳሃት?»

«እንዴ ወንድም ጋሼ! በአንዴ ነው እኮ የተነሳችው!»

«ተባረክ!»

ምርቃቱ የሚገባ ነው። ሞተርን በእንክብካቤ ስም ቀስ አድርጎ ለመግደል ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። መኪና ረጅም መንገድ ተነድታ ሞተሩም ማርሚታውም በደንብ ሲግል ውሃው ተንኖ ይወጣል። በነጠላ ጫማ በተለካ አምስት ደቂቃ ግን የትም አይሄድም፤ ከፊሉ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ይበላል፣ ከፊሉ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ከልኩ በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ ሳይቃጠል የተረፈው የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት እያጠበ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ጥቂት ወራት እንዲህ ተደርጎ የዘይቱ መክደኛ ቢከፈት፣ ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፎ ይገኛል። ታናሽ ወንድም ይህን አይቶት አያውቅም። አስነሳ እንጂ ኮፈን ክፈት አልተባለማ!

ባትሪውም የድርሻውን ይቀበላል። ሞተሪኖው በአንድ ማስነሳት ከመቶ አምፔር በላይ ይመዛል፤ ዲናሞው በሚኒሞ እየዞረ በአምስት ደቂቃ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ ማድረጉ የማይታሰብ ነው። በሳምንቱ መሀል ደግሞ ሰዓቱና አላርሙ ዝም ብለው ይመጠምጣሉ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወርዶ በቆየ ቁጥር የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ «ቀጭ» ብቻ ይላል። የሰፈር ልጆች ተጠርተው፣ መኪናዋ አውቶማቲክ መሆኗ ትዝ እስኪላቸው ድረስ በላብ ይገፋሉ።

አሜሪካዊው የአውሮፕላን ሞተር ሠሪ ላይካሚንግ ይህን ጥበብ ሳይረዳ ቀርቷል። የቆሙ ሞተሮችን ስለ መጠበቅ ባወጣው የአገልግሎት ደብዳቤ፣ መሬት ላይ ማስነሳት በረራን እንደማይተካ ይናገራል፤ ለሳምንት ያህል የቆመን ሞተር ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞርንም አይመክርም፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረችውን ዘይት ስለሚጠርጋት። ገርጂ ያለው ባለሙያ ሐሳቡን ቢጠየቅ ኖሮ ደብዳቤው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ሸራውንም መርሳት አይገባም። በዚህ ረገድ አርአያዋ የኦክላሆማዋ ከተማ ተልሳ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 አንዲት አዲስ ፕሊመዝ ቤልቬደር ፀረ ዝገት ቅባት ተቀብታ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ ከ50 ዓመት በኋላ እንድትወጣ በኮንክሪት ጉድጓድ ተቀበረች። በ2007 ነዳጅ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል ተብሎ ቤንዚንና ዘይት ሳይቀር አብሮ ተቀምጦላታል። ጉድጓዱ የኑክሌር ጥቃት ይቋቋማል ተብሎለት ነበር። ቦምቡ አልመጣም፤ የመጣው ውሃ ነው። በ2007 ሕዝብ ተሰብስቦ ሲከፈት ወርቃማዋ መኪና በጭቃ የተለሰነች ዝገት ሆና ወጣች። ተልሳ ለዚህ ውጤት 50 ዓመትና ጉድጓድ አስፈልጓታል። የእኛው ሰው ግን አየር የማያስገባውን ላስቲክ ከክረምት ዝናብ በፊት ሥሩ ድረስ አጥብቆ በማሰር እርጥበቱን ከመኪናዋ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ወጪውም የአንድ ሸራ ብቻ ነው።

ደግነቱ መኪናዋ ብቸኝነት አይሰማትም። አይጥ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ውስጥ ትወልዳለች፣ ገመድ ትቆረጥማለች። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ስለቀረ የፍሬን ሸራው ከከበሮው ጋር ይጣበቃል። ባለቤቱ ግን ሲያትል ተቀምጦ ደስ ብሎታል። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የእሱ ቶዮታ ቪትዝ በየወሩ ዋጋ እየጨመረች ነው ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል። እነሱም ያምኑታል፤ ሞተሯን ያየ የለማ።

ሞተሩ እንዲቆይለት የሚፈልግ ሰው ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ አሰልቺነቱ ብቻ ነው ክፋቱ። ያገለገለ ዘይት አሲድ ስለሚይዝ ከመቆሙ በፊት ይቀየራል። ታንከሩ እርጥበት የሚያጠራቅም ባዶ ቦታ እንዳይኖረው ይሞላል፤ የነዳጅ ማቆያ ኬሚካል ከተገኘ ተጨምሮ፣ ሁሉም ቦታ እንዲደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳል። ለዓመታት የምትቆም ከሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይረጫል። የአየር መግቢያውና ማርሚታው አይጥ እንዳትገባ ይደፈናሉ፤ መደፈናቸውም በወረቀት ተጽፎ መሪው ላይ ይለጠፋል፣ አለበለዚያ ጨርቁን ማን እንደረሳው ሲጣሉበት ይኖራሉ። ጎማው ከወትሮው ትንሽ በዛ ያለ አየር ይሞላል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይገባል። ከዚያ በኋላ አትነካም። የምትነሳው በደንብ ልትነዳ ስትል ብቻ ነው፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ መንገድ ላይ።

የታናሽ ወንድምን ቅዳሜ ነፃ ለማውጣት የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም። በብዙዎቹ ቶዮታዎች የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ የሚፈታው በአንዲት 10 ቁጥር ቁልፍ ነው።